ወደ ሠረገላው የቀረበ ሰባኪ

በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው ጎዳና፥ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ብሎ ዘነበወርቅ ላይ በሚወርድበት ሥፍራ፥ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ በብርጭቆ እየሰፈሩ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። የሥጋ ደዌ በልጅነታቸው ጣቶቻቸውን ስለ ወሰደባቸው ብርጭቆውን የሚያነሡት በሁለት መዳፎቻቸው መካከል አጣብቀው ነው፤ ሆኖም በዚያ መንገድ በተመላለስሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከሰፈሩት ቆሎ አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት ስትወድቅ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ቀን ጧት፥ ሞንታርቦውን በትከሻው አንግቶ በማይክ የሚሰብክ አንድ ወጣትና ትራክት የሚያድል ጓደኛው ከታክሲ ተራው በኩል ወደዚያ ሥፍራ መጡ። ወረቀት አዳዩ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲሰጥ ቆይቶ ወደ እኚህ እናት ሲደርስ እጁን ዘረጋ፤ እርሳቸውም ብርጭቆውን አስቀምጠው፥ ነጠላቸውን ከክንዳቸው ላይ ገፍተው፥ መዳፎቻቸውን እስኪያገጣጥሙ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያስፈልግ ነበርና፥ ልጁ ያን ጥቂት ጊዜ ሳይታገሥ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ጥሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ነፋስ ወረቀቱን ሊወስደው ሲያነሣው በክርናቸው ተጭነው አስቀሩትና፥ ቀስ ብለው አጥፈው በነጠላቸው እጥፋት ውስጥ ሸጎጡት። ፊደል እንዳልቈጠሩ አውቅ ስለ ነበር ምን ሊያደርጉበት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፥ «የእግዜር ስም ያለበት ነገር አይረገጥማ፥ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በኅሊናዬ ሲመላለስ ቆይቷል። ልጁ የያዘው ቃል ቃለ ሕይወት መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ በዚህም እኔና እርሱ አንለያይም። ታዲያ ከዚያ ቃል ምን ያህሉ ነው ከእጁ አልፎ ወደ እኚህ እናት የደረሰው?

ይህን የሚጠይቅ ሰው የጎዳናን ስብከት የሚጠላ እንዳይመስል አስቀድሜ አሳቤን ልግለጥ። አገራችን ክርስትናን ከተቀበለች ከ1600 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቤተ ክርስቲያን በየሰፈሩ አለ፤ የሚፈልግ ሰው እግሩን አንሥቶ ይሂድ፤ ጎዳና የንግድና የመተላለፊያ ቦታ እንጂ ዐውደ ምሕረት አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። በዕድሜም በዕውቀትም የማከብራቸው ሰዎች ጭምር እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። ክርስትና ራሱ ወደዚህች አገር የገባው በመንገደኛ እጅ ነውና። በአራተኛው ምዕተ ዓመት በቀይ ባሕር ሲጓዝ የተሳፈረበት መርከብ ተዘርፎ፥ አብረውት የነበሩት ሁሉ ሲገደሉ ከወንድሙ ጋር ብቻ ተርፎ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የተወሰደው ፍሬምናጦስ፥ ማንም ያልጠራው፥ ማንም ያልጠበቀው እንግዳ ነበረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም «ሐዲስ ሐዋርያ» ያሰኛቸው በደብራቸው መቀመጣቸው ሳይሆን ከሸዋ እስከ ዳሞት በእግራቸው መዞራቸው ነው። ቃሉ ከቅጥር ውጭ አይነገር ያለ ሰው እነዚህን ሁለቱን ቅዱሳን ከታሪካችን መፋቅ ይኖርበታል።

ደግሞም ዛሬ አንድ ወጣት በአደባባይ ቆሞ ስለ አምላኩ መናገር መቻሉ እንዲያው በከንቱ የተገኘ ነገር አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ሚሲዮኖችን የሚመለከተው ድንጋጌ ሲወጣ አገሪቱን ለሚሲዮን ሥራ ክፍት የሆነና የተዘጋ ብሎ ከፍሎ፥ አዲስ አበባን ከክፍቱ ወገን አድርጓት ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ማኅበራቸው በመንግሥት ዘንድ እንዲመዘገብ ያቀረቡት ልመና ተቀባይነት አጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የሁሉንም አፍ ዘጋ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፥ በአንድ ወቅት ውስጥ፥ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፤ አስቀድመው ከመንበራቸው ተነሥተው የታሰሩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወንጌል በአዲስ አበባ በሹክሹክታ፥ በተዘጋ መስኮት ውስጥ፥ የጎረቤት ጆሮ እየተፈራ ይነበብ እንደ ነበር ያየን ሰዎች ገና በሕይወት አለን፤ ስለዚህም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ የሰፈረውን የሃይማኖት ነጻነት እንደ ተራ ነገር ልናየው አንችልም። እኔ የምከራከረው ለዚህ ነጻነት ክብር ነው፤ በደም የተገኘ ልሳን በሞንታርቦ ጩኸት እንዳይረክስ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ሥር ልግባ። ለማያውቁት ሰው በመንገድ ላይ ወንጌል ስለ መንገር በመጽሐፍ ቅዱስ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ የእኛው አገር ሰው ያለበት ታሪክ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚነገረው የህንደኬ ጃንደረባ፥ የንግሥቲቱ የገንዘብ ቤት ሹም፥ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው ምድረ በዳ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ያነብ ነበር። ብዙ ሰባኪ ይህን ታሪክ ሲናገር ወደ ጥምቀቱ ይቸኩላል፤ እኔ ግን ከጥምቀቱ በፊት ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ላይ እንቆይ እላለሁ። ፊልጶስ አስቀድሞ ሮጠ፤ የሮጠውም ከሠረገላው ጋር እኩል ለመሆን ነው። ቀጥሎ ሰማ፤ ያ እንግዳ ምን እንደሚያነብ በጆሮው ሳይሰማ አፉን አልከፈተም። አፉንም በከፈተ ጊዜ የመጀመሪያ ንግግሩ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበረ። ከዚያ በኋላ እንኳ ዘሎ አልወጣም፤ ጃንደረባው ወጥተህ አብረኸኝ ተቀመጥ ብሎ ለመነው፤ ተለምኖም ወጣ፥ ወጥቶም ተቀመጠ። ስብከቱንም ከቤቱ አዘጋጅቶ ካመጣው ርእስ ሳይሆን ያ ሰው ያነብ ከነበረው መስመር ጀመረ። መሮጥ፥ መስማት፥ መጠየቅ፥ መለመን፥ መቀመጥ፤ አምስቱም ከአንድ የስብከት ቃል በፊት የተፈጸሙ ናቸው። ዛሬ በከተማችን ጎዳና ከምናየው ስብከት ውስጥ ከእነዚህ ስንቱ ይገኛል? መሮጡ አለ፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ጠፍተዋል።

ጃንደረባው ያነብ የነበረው ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 መሆኑም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሰፈር ለሆነው ለዘነበወርቅ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ምዕራፉ ሰዎች ስለ ናቁት፥ ፊታቸውን ስላዞሩበት፥ በእግዚአብሔርም እንደ ተመታ ስለ ቈጠሩት አንድ ሕማምተኛ ይናገራል፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሮማይስጥ የተረጐመው ሊቁ ጀሮም ከዚያ ቃል ሲደርስ ሕማምተኛውን በቀጥታ «ለምጻም» አድርጎ ተርጕሞታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ወደ ጥምቀት የተወሰደው ሰዎች እንደ ለምጻም ፊታቸውን ያዞሩበትን ሰው እያነበበ ነው ማለት ነው። ይህን ምዕራፍ በቃሉ የያዘ ሰባኪ ጣት የሌላቸውን እናት መዳፍ ለመጠበቅ ጊዜ ማጣቱ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፥ ብዙ ወረቀት በቶሎ ማዳረስን እንደ ፍሬ ቈጥረን ያስተማርነው እኛ ነንና።

የማርቆስ ወንጌልም በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አንድ ለምጻም ወደ ጌታችን እንደ መጣ ይተርካል። የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል፤ ጌታ አዘነለት፥ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፥ ከዚያም ተናገረው። በሕገ ሙሴ ለምጻም የነካ ሰው ርኩስ ይሆን ነበርና ከቃሉ በፊት የመጣው ያ ዳሰሳ ራሱ ከማናቸውም ስብከት ይበልጥ ነበር። የዳነው ሰው ለማንም እንዳይናገር ቢታዘዝም ወጥቶ ነገሩን በየመንገዱ አወራ፤ ከዚህም የተነሣ ጌታ ወደ ከተማ በግልጥ መግባት ተስኖት በውጭ በምድረ በዳ ይኖር ጀመር። ከከተማ ውጭ ይኖር የነበረው ለምጻም ወደ ከተማ ገባ፤ የነካውም በእርሱ ቦታ ወደ ውጭ ወጣ። በዚያ ወንጌል ከተፈወሱት ሰዎች በየጎዳናው ነገሩን ሲያወራ አስቀድሞ የምናገኘው እንግዲህ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ የነበረ ሰው ነው።

የሰፈሩንም ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ዘነበወርቅ የሚለው ስም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ የሆኑት፥ በ1926 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው በትግራይ ያረፉት የልዕልት ዘነበወርቅ ስም ነው፤ ስማቸውም ለመታሰቢያ የተሰጠው ለቤተ መንግሥት ወይም ለአደባባይ ሳይሆን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረ። ሆስፒታሉ ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1920ዎቹ ዓመታት፥ ከኅዳር በሽታ በኋላ ከሱዳን በኩል ወደ አገራችን የመጡት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ባልደረቦቻቸው በደከሙበት ሥራ ነው። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበርና «ዘነበወርቅ ገባ» ማለት ከሰው ተለየ ማለት ነበረ። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከወለጋ በእግራቸው እየተጓዙ የመጡ ሕሙማን ከዳኑ በኋላ ዘመድ ስላልተቀበላቸው በዚያው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፥ ተጋብተው፥ ልጅ ወልደው ሰፈሩን ሰፈር አደረጉት። በ1958 ዓ.ም. ቦታው የመላው አፍሪካ ሐኪሞች የሚማሩበት አለርት ሆነ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የደዌውን ተሕዋስ በ1865 ዓ.ም. ባገኘው በኖርዌጁ ሐኪም በአርማወር ሃንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተመሠረተ።

ይህን ሁሉ የተረክሁት በዚህ ሰፈር ወንጌል አስቀድሞ የገባበት በር የትኛው እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። በቁስል በር ነው የገባው። ስሜት አልባ የሆነውን እግር በለብ ባለ ውኃ ያጠበ፥ የሞተውን ቆዳ የላገ፥ በፋሻ የጠቀለለ፥ ነገም ተመልሶ ያንኑ ፋሻ የፈታ እጅ ከመጽሐፍ ቀድሞ ተነበበ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች መካከል አንዱ፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ፥ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ «እኔ አባቴ እንኳ ምግብ በረጅም እንጨት ገፍቶ ነበር የሚሰጠኝ፤ እዚህ ስመጣ ግን ሰው እግሬን በእጁ ያዘው። ከዚያ በኋላ የተናገረኝን ሁሉ ሰማሁት»። ከዚያ በኋላ የተናገረኝን ሁሉ ሰማሁት ያሉትን ቃል ስለ ስብከት ዘዴ ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አስበልጬ እይዘዋለሁ።

በሰፈሩ የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መኖሩም የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ገድሉ እንደሚተርከው ገብረ ክርስቶስ የቍስጥንጥንያ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ሆኖ ሳለ በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ መልኩ እንዳይታወቅም ሥጋው በደዌ እንዲመታ አምላኩን ለመነ፤ በመጨረሻም ወደ አባቱ ደጅ ተመልሶ ከነዳያን ጋር ተቀመጠ። አባቱ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ልጁን አላወቀውም፤ ማን እንደ ነበረ የታወቀው በሞተ ጊዜ በእጁ በተገኘው ጽሑፍ ነው። ጥቅምት 14 ቀን በዓሉ ሲከበር ይህ ታሪክ ይነበባል። ያን ንባብ ሰምቶ ከቅጥሩ የወጣ ምእመን በሩ ላይ የተቀመጠውን ነዳይ ስሙን ሳይጠይቀው ቢያልፍ ከንጉሡ የተሻለ ዓይን አለው ለማለት ያስቸግራል።

ስለ ጎዳና ስብከት ስንናገር እንግዳ ነገር ያስመሰልነው እኛ ነን እንጂ፥ ለማያውቁት ሰው የእግዚአብሔርን ስም ይዞ መሄድ ከጥንት የቈየ ልማዳችን ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የእመቤታችንን ስም ወደማያውቀው ቤት ያደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ ስሙን የሚያደርሰው እየለመነ ነው፤ ከባለቤቲቱ ቍራሽ እንጀራ ይቀበላል፤ እርሷም ሰጭ በመሆኗ ትከብራለች፤ እርሱም ተመርቆ፥ መርቆ ይሄዳል። ላሊበሎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ከንጋት በፊት፥ ጨለማው ሳይገፍ በማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው እያዜሙ የባለቤቱን ስም ያነሣሉ፥ ይመርቃሉ፥ የተሰጣቸውን ተቀብለው ፀሐይ ሳይወጣ ይሄዳሉ። ይህን ልማድ ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑ ሰው ሁሉ ይናገርላቸዋልና በዚህም ከዘነበወርቅ ነገር ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ እምነቱ ከሕክምና አንጻር እውነት አለመሆኑን ብናውቅም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ሁለቱም፥ ተማሪውም ላሊበላውም፥ ወደ እንግዳ ሰው ደጅ የሚሄዱት ከበታች ሆነው ነው። የሚቀበሉት ነገር አላቸው። የዛሬው ሰባኪ ግን ሰጭ ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ከሚሰብክለት ሰው የሚፈልገው ቆሎም፥ ውኃም፥ ታሪክም የለም። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሴት ሲያገኛት አስቀድሞ ውኃ አጠጪኝ ብሎ የለመናት እርሱ መሆኑን ረስተነዋል።

ስለ ድምፅ ማጉያው ነገር ደግሞ በግልጥ ልናገር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 100 ሰው መካከል 75ቱ ያህል ኦርቶዶክስ፥ 16ቱ ሙስሊም፥ 8ቱ ያህል ፕሮቴስታንት ነበሩ። ሰፈራችን ያለበት ኮልፌ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በብዛት የሚኖሩበት፥ በለቅሶና በሠርግ፥ በዕድርና በዕቁብ የተሳሰርንበት አገር ነው። ሞንታርቦ ለማንኛቸው ነው የሚናገረው? ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር ለአንዳቸውም አይናገርም። ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነው የድምፅ ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በታክሲ ተራው አጠገብ የሚሰማው ጩኸት ግን ረዳቱ «አየር ጤና፥ አየር ጤና» ሲል እንኳ የማይሰማበት ነው። ይህ የአንዱ ወገን ጥፋት ብቻ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ በየመንገዱ ጃንጥላ ዘርግተን፥ ሥዕለ አድኅኖ አቁመን፥ አንዱን መዝሙር ከጧት እስከ ማታ የምንለቅቀው እኛ ኦርቶዶክሳውያን ነን፤ ከጃንጥላው ሥር የቆመው ልጅ ቀኑን ሙሉ «ስለ ማርያም» ሲል ይውላል እንጂ ከሚያልፈው ሰው ጋር ስለ እመቤታችንም ሆነ ስለ ልጇ አንድ ቃል የሚነጋገርበት ፋታ የለውም። በወንድሞቻችን ስመሰክር በራሳችን አለመመስከር አይገባኝም።

ከጩኸቱ የሚከፋ ደግሞ አለ። በዚህ ሰፈር፥ ሕሙማን በሚበዙበት ቦታ፥ በስመ ፈውስ «ክኒንህን ጣል፥ እምነት ይበቃሃል» የሚል ቃል ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ቃል ከማንም አፍ ይውጣ፥ ከሰባኪም ከአጥማቂም፥ ኃጢአት ነው። የሥጋ ደዌ መድኃኒት እንደ ደዌው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ዋጋ ያድለዋል፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቈይ ለሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል፤ ዘግይቶ ወይም አቋርጦ የተገኘ ግን የሞተው ነርቭ አይመለስለትም፥ ጣቱም አይበቅልለትም። ጌታችን የዳነውን ለምጻም ወደ ካህን ሂድና ራስህን አሳይ ማለቱ በዘመኑ ሕግ መዳኑን የሚያረጋግጠው ካህኑ ስለ ነበረ ነው፤ ዛሬ በዘነበወርቅ ይህ ሥራ የሐኪም ነውና፥ ሕመምተኛን ከሐኪም የሚያርቅ ስብከት ከጌታ ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በሰፈራችን አቅራቢያ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች በዋጠ ጊዜ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ አስከሬናቸው በየቀኑ ሲገኝ ብዙዎች በገብረ ክርስቶስ ተቀበሩ። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ማንም በሞንታርቦ አልሰበከም። ሆኖም በሕይወቴ ወንጌል እንደዚያ ሳምንት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ከየአቅጣጫው የመጡ የማናውቃቸው ሰዎች በለቅሶው ድንኳን መሬት ላይ ተቀምጠው አብረውን አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ዳቦና ብርድ ልብስ ይዘው ነበር፥ አንዳንዶቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት የመጣችበትን ቤተ እምነት ስም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለት ልጆቿን ያጣችውን ጎረቤታችንን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንድ ቃል አነጋች። ሲነጋ ጎረቤታችን ቀና ብላ «አንቺ ማነሽ?» አለቻት። ያን ጊዜ ነው ሴትዮዋ መናገር የጀመረችው።

ለአገልጋዮች ሁሉ፥ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም፥ ትራክት ይዘው በየቅዳሜው ለሚወጡትም፥ የምለምነው አንድ ነገር ነው። መቶ ወረቀት ይዞ ከመውጣት አምስት ወረቀትና ሙሉ ቀን ይዞ መውጣት ይሻላል። ለቆመው ሰው ቁሙለት፥ ለተቀመጠው ተቀመጡለት፤ ቆሎ የሚሸጥ ከሆነ ቆሎውን ግዙለት፥ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ከሆነ ጫማችሁን አስጠርጉና እስኪጨርስ ድረስ የመጣበትን አገር ጠይቁት። ሰውየው አልፈልግም ቢል አክብሩና እለፉ፤ ፊልጶስ ካልተለመነ ወደ ሠረገላው አይወጣም ነበር። የሌላውን ሰው እምነት እየነቀፉ የራስን ማስወደድ እንደማይቻል ሁላችንም በልባችን እናውቀዋለን። ሪፖርት የሚቀበሉ የበላይ ኃላፊዎችም ለስንት ሰው ተነገረ ብለው ከመጠየቃቸው በፊት የስንት ሰው ታሪክ ተሰማ ብለው ይጠይቁ።

ከፋሲካ በኋላ፥ ክረምቱ ሊገባ ሲል፥ በዚያው በዘነበወርቅ ታክሲ እጠብቅ ነበር። ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ያንጠለጠለች፥ ከሆስፒታሉ የወጣች የምትመስል አንዲት ወጣት መጥታ «እንዴት ዋሉ እማማ?» ብላ ከእኚያ እናት ቆሎ ገዛች። እርሳቸውም ሰፍረው ከሰጧት በኋላ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩዋትና፥ «ማንበብ ትችያለሽ አይደል፥ ልጄ?» አሏት። «አዎ እማማ፥ ምን ላንብብልዎ?» ስትል፥ መዳፋቸውን ወደ ነጠላቸው እጥፋት ሰድደው ያን ወረቀት አወጡት። ከእጥፋቱ ላይ ተበጣጥሶ፥ ጠርዙ ከብብት ላብ የተነሣ ወይቦ ነበር፤ ሦስት ወር ያህል አብሯቸው ኖሯል። ልጅቱ ቆሎዋን በኪሷ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ ሞንታርቦ ይጮህ ስለ ነበረ ድምፅዋ አልሰማም አላቸው።

«ጠጋ በይ» አሏት።

ልጅቱ ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ አንከባልላ አመጣችና ከጎናቸው ተቀመጠች፤ አፏንም ወደ ጆሯቸው አስጠግታ እንደገና ጀመረች። የአየር ጤና ታክሲ መጥቶ ረዳቱ «አንድ ሰው፥ አንድ ሰው!» ሲል ቀና ብላ አላየችውም። ወረቀቱ ትንሽ ነበርና ቶሎ አለቀ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አሏት።